ክትባት ስትሰጡ ጉዳቱንም ከነቁጥሩ ንገሩ

ይድረስ፦ የክትባት አገልግሎትን ለምትመሩ መሥሪያ ቤቶች፣ በየጤና ተቋሙ ክትባት ለምትሰጡ ባለሙያዎች እና ልጆቻችሁን ለምታስከትቡ ወላጆች

ጉዳዩ፦ ከክትባት በፊትና በኋላ ለወላጅ ስለሚሰጥ ማብራሪያ

ክቡራትና ክቡራን፣

የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሌሊት አያተኩሰውም። ትኩሳቱ የሚመጣው ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ቀለል ያለ ሽፍታም አብሮ ይወጣል። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ሰውነት ውስጥ ጥቂት እስኪባዛና መከላከያውን እስኪቀሰቅስ ያን ያህል ቀን ይፈጅበታል። ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ዘጊ አናዳን የሚከላከለው ፔንታቫለንት ግን ሕያው ተህዋስ የለበትም፤ ስለዚህ ትኩሳቱ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይመጣና በ2 ቀን ውስጥ ይበርዳል። "ትንሽ ሊያተኩሰው ይችላል" ተብላ ብቻ የተሸኘች እናት፣ በ8ኛው ቀን ልጇ ሲግልና ሽፍታ ሲያወጣ "ክትባቱ ኩፍኝ አስያዘብኝ" ብትል አይፈረድባትም። ለሁለተኛው መጠን ሳትመለስ ልትቀር ትችላለች። የነገራት የለምና ለጎረቤቶቿም የምትነግረው ያየችውን ነው።

የምንጠይቃችሁ የክትባትን ጥቅም በምትናገሩበት ድምፅ ጉዳቱንም ከነቁጥሩ፣ ከነጊዜውና ከነምልክቱ እንድትናገሩ ነው። "ጉዳቱን ብንናገር ሰው ይፈራል" የሚለውን ሥጋት እናውቀዋለን። ነገር ግን ወላጅ ጉዳቱን ከእናንተ ባይሰማ ከሌላ መስማቱ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ ቁጥሩ ተጋንኖ፣ ምልክቱም ተምታቶ ነው የሚደርሰው።

ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት አሠራሩን ማስረዳት ግድ ነው። በሽታውን የሚከላከለው የልጁ የራሱ ሰውነት ነው፤ ክትባቱ ተህዋሱን አስቀድሞ ያስተዋውቀዋል። አንዳንዱ ክትባት እንደ ኩፍኝ፣ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት)፣ ሮታ (ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ)፣ ቢጫ ወባና በአፍ እንደሚጨመረው ፖሊዮ የተዳከመ ሕያው ተህዋስ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተገደለ ቫይረስ ናቸው። የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አናዳ ክትባት የተሠራው ባክቴሪያው ከሚረጨው መርዝ ነው፤ መርዝነቱ ጠፍቶ ቅርጹ ብቻ እንዲቀር ተደርጓል። የሄፓታይተስ ቢ፣ የሳንባ ምችና የማህፀን በር ካንሰር ክትባቶች የተህዋሱን ቁራጭ ብቻ ይይዛሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለኮቪድ-19 በስፋት የተሰጡት የኤምአርኤንኤ ክትባቶች ደግሞ ቁራጩን ሰውነት ራሱ ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ የሚያዝዝ መልእክት ያደርሳሉ።

መርፌው ያረፈበት ቦታ ያሉ ጠባቂ ሴሎች ባዕዱን ነገር ውጠው በአቅራቢያ ወዳለው የሊምፍ ዕጢ ይወስዱታል። እዚያ ካሉት እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሴሎች መካከል ለዚያ ቁራጭ የሚገጥሙት ጥቂቶቹ ተለይተው ይባዛሉ። ከፊሎቹ ተህዋሱን የሚይዘውን አንቲቦዲ ያመርታሉ፤ ከፊሎቹ ትውስታውን ይዘው ለዓመታት ይቆያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ይህ ሥራ ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ የተከተበ ልጅ ነገ የተጠበቀ አይደለም፤ በዚህ መሐል በሽታው ቢይዘው ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መከላከያው ገና አለመድረሱ ነው። ያው ተህዋስ ዳግመኛ ሲመጣ የትውስታ ሴሎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይነሣሉ፤ አንቲቦዲውም በመጠን ይጨምራል፣ ይበልጥም አጥብቆ ይይዛል። የመርፌው ቦታ መቅላትና ማበጥ፣ ትኩሳቱና ብስጭቱ እነዚህ ሴሎች የሚለዋወጡት የኬሚካል ጥሪ ውጤት ነው። ያላተኮሰው ልጅም እኩል ይጠበቃልና "ካላተኮሰው አልያዘለትም" የሚለው አባባል መሠረት የለውም።

ስለ መጠን ብዛትም ወላጅ ይጠይቃል፤ መልሱ ለየክትባቱ ይለያያል። ፔንታቫለንት በ3 መጠን የሚሰጠው አንዱ ብቻ በቂና ዘላቂ ትውስታ ስለማይፈጥር ነው፤ በመጠኖቹ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መኖር አለበት። ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ይህን የማያውቁ ባለሙያዎች ልጅን በከንቱ ሲወጉ፣ ወይም "አለፈህ" ብለው ሲመልሱ ይታያል። የኩፍኝ ሁለተኛ መጠን ምክንያቱ ሌላ ነው። ሕፃን ከእናቱ የወረሰው አንቲቦዲ የተዳከመውን ቫይረስ ገና ሳይባዛ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ በ9 ወር ከተከተቡ ልጆች 85 በመቶ ያህሉ ብቻ ይጠበቃሉ። ሁለተኛው መጠን በዋናነት የቀሩትን ለማግኘት ነው፤ ሁለቱንም በወቅቱ የወሰዱት ዘንድ ጥበቃው ወደ 97 በመቶ ይደርሳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ኩፍኝ ከያዛቸው 20 ልጆች አንዱ የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ ከ1,000 አንዱ የአንጎል ብግነት ያገኘዋል፤ ጥሩ ሕክምና ባለበት እንኳ ከ1,000 ከ1 እስከ 3 ይሞታሉ። የዳኑትም ቢሆኑ ኩፍኝ ስለ ሌሎች በሽታዎች የነበራቸውን የመከላከያ ትውስታ ስለሚያጠፋባቸው ለወራትና ከዚያም በላይ ለሌላ ሕመም የተጋለጡ ይሆናሉ። ኩፍኝን ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጋር አንድ ላይ በሚይዘው ክትባት ደግሞ ከ3,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ መጠኖች አንዱ በትኩሳት ምክንያት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ያስከትላል። መንቀጥቀጡ ያስደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ ጠባሳ ሳይተው ያልፋል። ከ30,000 እስከ 40,000 ከሚሆኑ መጠኖች በአንዱ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ለጊዜው ይቀንሱና ቆዳ ላይ የደም ነጠብጣብ ይታያል። ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ከሚሊዮን መጠን በአንዱ ገደማ ይደርሳል። እነዚህን ሁለት የቁጥር ስብስቦች ጎን ለጎን ያየ ወላጅ ራሱ ያመዛዝናል፤ ማግባባት አያስፈልገውም።

የሌሎቹም እንዲሁ በግልጽ ይነገር። የቢሲጂ ቦታ ከ2 ሳምንት በኋላ ማበጥ ይጀምራል፣ ይቆስላል፣ በ2 እና በ3 ወር ውስጥ ጠባሳ ትቶ ይድናል። መጭመቅም ሆነ ቅባት፣ ቅጠል ወይም መድኃኒት ማድረግ አያስፈልግም፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ከ1,000 ልጆች ከአንድ ባነሱት ላይ የብብት ዕጢ ያብጣል፤ ካልፈረጠ በራሱ ይጠፋል። የሮታ ክትባት ከ100,000 ሕፃናት ከ1 እስከ 6 በሚሆኑት ላይ አንጀት በአንጀት ውስጥ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም በብዛት ከመጀመሪያው መጠን በኋላ ባሉት 7 ቀናት ነው። ምልክቱን ወላጅ ማወቅ አለበት፦ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ በየመሐሉ ከባድ ለቅሶ፣ ተደጋጋሚ ትውኪያ፣ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ። እዚህ ላይ ሰዓት መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ነው። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ከሚሆኑ መጠኖች በአንዱ ራሱ ሽባነት ያመጣል። የክትባት ሽፋን ዝቅተኛ በሆነበት አካባቢም የተዳከመው ቫይረስ ካልተከተበ ልጅ ወደ ካልተከተበ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ጉልበቱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ከጠብታው ጋር መርፌው የተጨመረው፣ የቫይረሱ 2ኛ ዓይነትም በሚያዝያ 2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጠብታው የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ደብዳቤ ያሉት ሌሎች ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

አምራችም፣ መሥሪያ ቤትም ሊደብቀው የማይገባ ታሪክ አለ። በ1955 አሜሪካ ውስጥ አንድ አምራች ቫይረሱን በሚገባ ሳይገድል ያወጣው የፖሊዮ ክትባት 200 ያህል ሰው ሽባ አድርጎ 10 ሰው ገደለ፤ የክትባት ምርት ቁጥጥር ዛሬ እንዲህ የጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው። በ1999 የመጀመሪያው የሮታ ክትባት ከ10,000 ሕፃናት አንዱን ገደማ ለዚሁ አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባት እንደሚያጋልጥ ታውቆ ከገበያ ወጣ፤ የተተኩት ክትባቶች እያንዳንዳቸው ከ60,000 በላይ ሕፃናት ላይ ተሞክረው ነው የጸደቁት። በ2009 ለወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ከተሰጡት ክትባቶች አንዱ በልጆችና በወጣቶች ላይ ናርኮሌፕሲ የተባለ ከባድ የእንቅልፍ መዛባት አስከተለ፤ ፊንላንድና ስዊድን በሚቀጥለው ዓመት ደረሱበት። እነዚህ የታወቁት ከየቦታው የተላኩ ሪፖርቶች ተሰብስበው ነው። ሪፖርት የማይልክ ጤና ተቋም ጉዳት የሌለበት ተቋም መስሎ ይታያል፤ እኛ ግን የምንጠረጥረው እሱን ነው።

ኦቲዝምን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ክትባትንና ኦቲዝምን ያገናኘው የ1998ቱ ጽሑፍ በ12 ልጆች ላይ የቆመ ነበር፤ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ዴንማርክ ውስጥ በ657,461 ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2019 የወጣው ጥናት በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የጨመረ አደጋ አላገኘም።

አንዳንዴ ግን የሚጎዳው ብልቃጡ ውስጥ ካለው ይልቅ አያያዙ ነው፤ እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የእናንተው ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ሙቀትን ሁሉም ይፈራል፤ ቅዝቃዜን ግን ብዙ ሰው ይረሳል። ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የሄፓታይተስ ቢና የማህፀን በር ካንሰር ክትባቶች ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው በረዶ ከሆነ ይጓጉላል፤ ቢቀልጥም አይመለስም፣ ክትባቱ አይሠራም፣ የመርፌውም ቦታ ሊያመረቅዝ ይችላል። የበረዶ ከረጢት ከፍሪዘር ወጥቶ በቀጥታ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆይ። በረዶ ሆኗል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ብልቃጥ ለመፈተን ከዚያው አምራችና ከዚያው ምርት ቁጥር አንድ ብልቃጥ አውቃችሁ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙት፣ ይቅለጥ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ነቅንቃችሁ ጎን ለጎን አቁሟቸው። የተጠረጠረው ዝቃጭ ከቀዘቀዘው እኩል ወይም ፈጥኖ ከወረደ ይጣላል። ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክትም ይታይ፤ ውስጡ ያለው አራት ማዕዘን ከከበበው ክብ ቀለም ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከጠቆረ ያ ክትባት ለልጅ አይሰጥም።

ኩፍኝና ቢሲጂ ዱቄት ሆነው ስለሚመጡ በየራሳቸው አምራች መበጥበጫ ፈሳሽ ብቻ ይበጠበጣሉ። ከተበጠበጡ በኋላ ተህዋስ እንዳይራባባቸው የሚያደርግ ኬሚካል ስለሌላቸው በ6 ሰዓት ውስጥ ወይም የዕለቱ ክትባት ሲያበቃ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ይጣላሉ። በ2014 ሶርያ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት በመበጥበጫው ፈንታ ጡንቻ በሚያሰንፍ መድኃኒት ተበጥብጦ 15 ያህል ሕፃናት ሞተዋል። በ2017 ደቡብ ሱዳን ውስጥ አንድ የመበጥበጫ መርፌ ለ4 ቀናት በመደጋገሙና ክትባቱ ከቅዝቃዜ ውጭ በመቆየቱ 15 ሕፃናት ሞተዋል። ሁለቱም ዘንድ ክትባቱ ከአምራቹ ሲወጣ ጤነኛ ነበር። ማደንዘዣም ሆነ ኢንሱሊን ከክትባት ጋር አንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥ።

ለሕፃን በጡንቻ የሚሰጠው 0.5 ሚሊ ሊትር በጭኑ የፊት ለፊት ውጫዊ ጎን ቀጥ ተደርጎ ይሰጣል፤ መቀመጫ ላይ የሚያልፈውን ዋና ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል እዚያ አይወጋም። ቢሲጂ ለአራስ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ በትክክል ሲሰጥ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይነሣል፣ ካልተነሣ ጠልቆ ገብቷልና ቁስሉ ይከብዳል።

ከክትባት በኋላ 15 ደቂቃ ማስቆየት ወግ ብቻ እንዳይሆን ለአለርጂ ድንጋጤ የሚሰጠው መድኃኒት አድሬናሊን በቅርብ ይኑር። በፍርሃት የወደቀ ሰው ፊቱ ይገረጣል፣ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ሲጋደም ይነቃል፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ይህ ብዙም አይታይም። የአለርጂ ድንጋጤ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነትን በሽፍታ ያለብሳል፣ ከንፈርን ያሳብጣል፣ ትንፋሽን ያፏጫል፣ ምቱን ፈጣንና ደካማ ያደርገዋል። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘው አድሬናሊን በኪሎ 0.01 ሚሊ ሊትር ጭን ጡንቻ ላይ ይሰጣል፤ 6 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 0.06 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከ0.5 አይበልጥም፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። 0.06ን በ5 ሚሊ ሊትር መርፌ መለካት ስለማይቻል የ1 ሚሊ ሊትር መርፌ አብሮ ይቀመጥ።

ወላጆች ሆይ፣ ከመወጋቱ በፊት እነዚህን ንገሩ፦ ልጁ ካለፈው መጠን በኋላ ከባድ አለርጂ ደርሶበት ከሆነ፣ የመከላከያ አቅሙን የሚያዳክም በሽታ ወይም መድኃኒት ካለው፣ በቅርብ ደም ከተሰጠው። ነፍሰ ጡር ሴት የተዳከመ ሕያው ክትባት በመደበኛነት አትወስድም። ቀላል ጉንፋን፣ መጠነኛ ተቅማጥ፣ አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ ያለጊዜ መወለድ ወይም የሰውነት መቀነስ ግን ክትባት አይከለክልም፤ የተጎሳቆለ ልጅ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ካተኮሰው ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። 8 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ነው፤ የሽሮፑ መጠን ስለሚለያይ ጠርሙሱን አንብቡ። ትኩሳት ሳይመጣ አስቀድሞ መስጠት አያስፈልግም፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ካለፈ ወይም ከ2 ቀን ከበለጠ፣ መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ለቅሶው 3 ሰዓት ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ጡት አልይዝ ካለ ወይም እየፈዘዘ ከሄደ ይመለስ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ያተኮሰው እንደሆነ ቤት ውስጥ አይጠበቅ።

ልጁ ባይከተብም የተከተቡ ጎረቤቶቹ ይከልሉታል የሚል አስተያየት እንሰማለን። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ያልተከተበ ሰው ስለሚያስይዝ ስርጭቱ የሚቆመው 95 በመቶ ያህሉ ሲጠበቅ ነው፤ ጥቂት ቤተሰቦች ከቀሩ ክፍተቱ ይበቃል። መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ባክቴሪያው የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢከተብ ያልተከተበውን ማንም አይጠብቀውም። ፈንጣጣ በ1980 ከምድር መጥፋቱ የታወጀው፣ ከ1974 ጀምሮ ባሉት 50 ዓመታትም በክትባት 154 ሚሊዮን ያህል ሕይወት መትረፉ የተገመተው በየቤቱ ልጅ ስለተከተበ ነው።

ሞት ወይም ከባድ ሕመም ከክትባት በኋላ ሲደርስ የመሥሪያ ቤቶች አያያዝ ያሳስበናል። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃናት ክትባት የሚወስዱባቸው ወራት በሌላም ምክንያት የሚታመሙባቸው ወራት ናቸውና የጊዜው መቀራረብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ሳይመረመር "አጋጣሚ ነው" ብሎ ቤተሰብን መሸኘት ስሕተት ነው፤ ስለ ክትባቱ ወሬ የሚዛመተውም በዚህ ነው። መርማሪው መጠየቅ ያለበት የታወቀ ነው፦ ከዚያው ብልቃጥ የተከተቡት ሌሎቹ ልጆች እንዴት ናቸው? ከዚያው የምርት ቁጥር ሌላ ቦታ ሪፖርት አለ? መበጥበጫው ምን ነበር፣ ስንት ሰዓት ተከፈተ? ያ ሕመም ባልተከተቡ ልጆች ላይ በዚያው ዕድሜ በምን ያህል ይታያል? የዕለቱ ባዶ ብልቃጦች ወዲያው ከተጣሉ እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይኖራቸውም፤ ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ይቀመጡ።

ከዚህ በመነሣት የምንጠይቀው ይህ ነው። በእያንዳንዱ የክትባት ካርድ ላይ የክትባቱ ስምና የምርት ቁጥሩ፣ የሚጠበቀው ትኩሳት በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ፣ የሚመለሱባቸው ምልክቶችና ሌሊትም የሚያነሣ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ ባለሙያው በቃል ይንገርና እናትየዋ መልሳ እንድትነግረው ይጠይቃት፤ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። ስሕተቱን ራሱ ያመለከተ ክትባት ሰጪ በማመልከቱ አይቀጣ፤ ከተቀጣ ቀጣዩ ይደብቃልና። የምርመራው ውጤት ሲታወቅም ከማንም በፊት ለቤተሰቡ በጽሑፍና በሚገባቸው ቋንቋ ይድረስ፤ ክትባቱ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ።

ከአክብሮት ጋር፣
በክትባትና በሕፃናት ጤና ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች